ቀላል ጨጓራ ነው ተባልኩ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የሚውል ሰው ምን በልቶ ይዋል?

የጋቢናው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ሜትር ታክሲ ነው ምሰራው። ከገና ወዲህ እዚህ ከደረቴ አጥንት ዝቅ ብሎ ፍም የተቀመጠበት ይመስል ያቃጥለኝ ጀመር፣ ጠዋት ባዶ ሆዴን ስሆን ይብሳል፣ ማታ ደሞ ጋደም ስል ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፣ ከዛ መነፋት፣ ማግሳት፣ ቀበቶ መፍታት። ተሳፋሪ ከኋላ ቁጭ ብሎ እኔ ሳገሳ እንዳይሰማ ስንቴ የሬድዮ ድምፅ እንደጨመርኩ እኔ ነኝ ማውቀው። ሁለት ሳምንት በሚታኘከው ነጭ ኪኒን ተጎተትኩ፣ አልሆነም፣ በመጨረሻ ሄጄ በአፍ በሚገባው ቱቦ ታየሁ (ስለ ቱቦው ሌላ ቀን) እና ማይልድ ጋስትራይተስ ነው፣ ቁስለት የለም፣ የጨጓራህ ግድግዳ ትንሽ ተቆጥቷል ተባልኩ። ኦሜፕራዞል (አሲድ መቀነሻ ኪኒን) ለአንድ ወር ታዘዘልኝ።

ችግሬ መድኃኒቱ አይደለም ምግቡ ነው። የተነገረኝ "ሚያቃጥል፣ ቡና፣ አልኮል፣ ቅባት ተው" በቃ። ወጣሁ፣ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሁሌ ምበላበት ቤት ገባሁ፣ ሜኑውን ሳየው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ሽሮው ቀይ፣ ምስሩ ቀይ፣ ፍርፍሩ ቀይ፣ ጥብሱ ከነቃሪያው፣ ፓስታው እንኳን በቀይ ስጎ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ቆማ ስትጠብቀኝ ግራ ገብቶኝ ዳቦ በሻይ አዝዤ በላሁ። ከቤት 12 ሰዓት ጠዋት ነው ምወጣው፣ ማታ 3 ሰዓት ነው ምገባው፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ጾሙም እየገባ ነው። እና በናታችሁ ይሄ ነገር ያለባችሁ ሰዎች፣ ከቤት ውጭ ምትበሉ ሰዎች፣ ምንድነው ምትበሉት?

ቡና_ወዳድ

እንኳን ወደ ማህበሩ በሰላም መጣህ ወንድሜ ሃሃሃ። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ካገኘህ እንጋብዘዋለን። እኔ 6 ዓመቴ ነው። ቀልዱን ትተን፣ ቡናን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም ግን ባዶ ሆዴን አልጠጣም፣ እሱ ብቻ ግማሹን ነገር ቀይሮልኛል። ድሮ ከቤት ወጥቼ መጀመሪያ ምነካው ነገር የጀበና ቡና ነበር፣ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ሳታየኝ ነው ምትቀዳልኝ። አሁን ቁርስ ከበላሁ በኋላ አንድ ስኒ፣ በቃ። ሁለተኛውንና ሶስተኛውን ለሰው ነው ምተወው።

የወሎዋ

ተልባ! ሌላ ነገር አትፈልግ። እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገርህ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሱቅ የተፈጨውን ገዝቶ በጥብጦ ይጠጣና አልሰራም ይላል። ተልባውን መጀመሪያ ልቀመው፣ አፈርና ጠጠር አያጣውም። ከዛ ምጣዱ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ይሁን፣ ተልባ ቶሎ ያርራል፣ ጣ ጣ እያለ መዝለል ሲጀምርና ሽታው ሲመጣ አውጣው፣ ከጠቆረ ይመራል። ቀዝቀዝ ሲል ውቀጠው ወይ በቡና መፍጫ ፍጨው፣ ለሁለት ሶስት ቀን ሚሆን ብቻ፣ ካቆየኸው ዘይቱ ይበላሻል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ማንኪያ በጥብጠህ ተወው፣ ትንሽ ቆይቶ ያዝ ያዝ ይላል፣ እንደ እንቁላል ነጩ ይልጋል። ያን ነው ምትጠጣው። ማር ጠብ አድርግበት። እናቴ ጠዋት ጠዋት በፔርሙዝ አድርጋ ነው ትምህርት ቤት ምትሸኘኝ የነበረው፣ ጓደኞቼ ሲያዩት ይስቁ ነበር።

ሰባራ_ባቡር

ተልባ ጊዜያዊ ነው። ፌጦ ወቅጠህ በሎሚ ባዶ ሆድህን ሶስት ቀን ውሰድ፣ ነቅሎ ነው ሚያወጣልህ። ነጭ ሽንኩርትም ጨምርበት። እኔ ድኛለሁ።

የወሎዋ

ኧረ በእግዚአብሔር! ለተቆጣ ጨጓራ ፌጦ በሎሚ? ቁስል ላይ ሚጥሚጣ መነስነስ በለው እንጂ

ሰባራ_ባቡር

የሰራልኝን ነው ያወራሁት እናንተ ደሞ

ሲስተር_መንገደኛዋ

ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው ምሰራው፣ ሀኪምህ አይደለሁም፣ ግን አንዳንድ ነገር ልበል። ፌጦ በሎሚውን እባክህ አትሞክረው። ፌጦ ራሱ ሲነኩት ሚፋጅ ነገር ነው፣ ባዶ ሆድ ላይ ከሎሚ ጋር የተቆጣ ግድግዳ ላይ ስታፈስበት ምን እንደሚሆን አስበው። "ሶስት ቀን ወስጄ ለቀቀኝ" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ጨጓራ ግን በራሱም ይመጣል ይሄዳል፣ የለቀቀው በፌጦው ይሁን በጊዜው ማን ያውቃል።

አሁን ወደ ጠያቂው። ምግብ ምግብ ከማለታችን በፊት ሁለት ጥያቄ መልስልኝ። አንደኛ በቱቦ ስትታይ ናሙና ወስደው ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አይተዋል? ሁለተኛ ማስታገሻ ትወስዳለህ? ለወገብ፣ ለራስ ምታት፣ ለጥርስ፣ ለማንኛውም። ይሄን ምጠይቅህ ምግብ ብዙ ጊዜ የተቆጣውን ያባብሳል እንጂ የመጀመሪያው ለኳሽ እሱ ስላልሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለኳሾቹ ባክቴሪያውና ማስታገሻ ናቸው፣ አልኮልም አለበት።

የድሮ_ሰው

አያቶቻችን ጠዋት በአዋዜ ማታ በሚጥሚጣ እየበሉ 90 ዓመት ኖረዋል። ጨጓራ ምናምን የዘመኑ ሰው በሽታ ነው። ጭንቀት ነው እሱ። ሀሳብህን ተው ይለቅሃል።

ባለ_ሱቁ

አያቶቻችን "ልቤን ይበላኛል" ይሉ አልነበር እንዴ፣ ያ ምን ነበር ታዲያ? ስሙን አላወቁትም እንጂ ነበረባቸው።

ሲስተር እኔም ልጠይቅሽ፣ ሶስት ጊዜ የባክቴሪያ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ያንን 14 ቀን ሚወሰደውን፣ አፌ ሳንቲም የጠባሁ ይመስል ሲመረኝ ነው የጨረስኩት፣ ከዛ ደም ስሰጥ አሁንም ፖዘቲቭ። የቤቴን ሽሮ እንኳ ፈራሁ። ከ8 ኪሎ በላይ ቀንሻለሁ። ይሄ ባክቴሪያ ማይሞት ነው እንዴ?

ሲስተር_መንገደኛዋ

@ባለ_ሱቁ ደም ነው ያልከኝ? ተው እንጂ! የደም ምርመራው ባክቴሪያውን ራሱን አይደለም ሚያየው፣ ሰውነትህ በሱ ላይ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያ ደሞ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ብዙ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ድነህም ፖዘቲቭ ልትባል ትችላለህ። መጥፋት አለመጥፋቱን ማወቅ ከፈለክ የሰገራ ምርመራውን (አንቲጅን ሚባለውን) ወይ ካለ የትንፋሹን ነው ምትጠይቀው፣ እሱም መድኃኒቱን ከጨረስክ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይተህ፣ ኦሜፕራዞልን ደሞ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት አቁመህ፣ አለበለዚያ እያለ የለም ሊልህ ይችላል። ሳይመረመሩ ደግሞ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ መዋጥ ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው። ግን አንድ ነገር፣ 8 ኪሎ መቀነስ ቀላል አይደለም። ምግብ ስለፈራህ ሊሆን ይችላል፣ ግን አይገመትም፣ ሄደህ ይሄን ንገራቸው፣ የውስጥ ደዌ ሀኪም ይይህ። ነገ ዛሬ እንዳትል።

@የድሮ_ሰው አባቴ፣ ጭንቀት ሚያባብሰው እውነት ነው። "ጭንቀትና ቅመም ነው" የሚለውን ግን ዓለም ሁሉ ያምን ነበር እስከ 1980ዎቹ ድረስ። ባሪ ማርሻል ሚባል አውስትራሊያዊ ሀኪም ከሮቢን ዋረን ጋር ሆኖ ባክቴሪያ ነው ሲል ማን ይስማው፣ በመጨረሻ በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽ ማስታወክ ጀመረው፣ በቱቦ ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙበት። እኛ አገር ደሞ ይሄን ባክቴሪያ የተሸከመው ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን ተሸክሞት ምንም ሳያመው ይኖራል።

የድሮ_ሰው

ጠጣው? የጤና ነው ሰውየው?

ዲሲ_ነኝ

ሃሃሃ @የድሮ_ሰው

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ ነው ምሰራው፣ እና ጠያቂው ያለው ነገር ከኔ ጋር አንድ ነው። ፈረንጅ ሀኪም ወረቀት ሰጠኝ፣ ይሄን ብላ ይሄን አትብላ ሚል፣ ብሮኮሊ ምናምን ተጽፎበታል፣ ስለ እንጀራ አንድ መስመር የለም። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ከስሩ ቆሜ ሽሮ እበላ ነበር። በኋላ የገባኝ፣ እኔን ሚገለኝ በርበሬው ሳይሆን ሰዓቱ ነበር። ከሌሊት 8 ሰዓት ከስራ ወጥቼ ሆዴ እስኪቆዘር በልቼ ወዲያው እተኛለሁ። አሁን ስራ ቦታ ማታ 4 ሰዓት ላይ ዋናውን እበላለሁ፣ ስገባ ሙዝ ወይ አጃ ብቻ። ከበላሁ 3 ሰዓት ሳይሞላኝ አልጋደምም። የአልጋውን ራስጌ ደሞ ሁለት ጣውላ ከእግሩ ስር አስገብቼ ከፍ አደረኩት፣ ትራስ መደራረብ አይሰራም አንገት ነው ሚያጎብጠው። ሚስቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ በኋላ "ወደ ታች ተንሸራተትኩ" እያለች ታማርራለች።

የጋቢናው_ልጅ

እንዴ ይሄ ሁሉ ሰው! አመሰግናለሁ በጣም።

ሲስተር፣ ናሙና ወስደዋል፣ ባክቴሪያ የለም ነው ያሉኝ። ማስታገሻ ላልሽው... እሱን እንኳን እንደ መድኃኒት አልቆጠርኩትም ነበር። ወገቤን ያመኛል፣ 11 ዓመት መሪ ስይዝ፣ እና ከመስከረም ጀምሮ ዳይክሎፌናክ ጠዋት አንድ ማታ አንድ እወስዳለሁ። ፋርማሲ ሄጄ "የወገብ" ስላቸው ነው የሰጡኝ። አንዳንዴ ወገቡ ሲብስ መርፌውንም እወጋለሁ፣ መርፌ ሆድ አይነካም ብዬ። ጠዋት ኪኒኑን በምን እንደምውጠው ልንገርሽ? በቡና። ባዶ ሆዴን።

ቡና_ወዳድ

ወይኔ ወንድሜ

ሲስተር_መንገደኛዋ

ተገኘ በለው። ይሄን ለሀኪምህ ነግረኸዋል? ካልነገርከው ነገውኑ ንገረው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ እነዚህ ሁሉ ጨጓራ ራሱን ከራሱ አሲድ ሚጠብቅበትን ንፍጥ መሳይ ሽፋን ሚያሳሱ ናቸው። ሽፋኑ ከሳሳ ሽሮውም ቡናውም ሎሚውም በቀጥታ ስጋ ነው ሚያገኘው። መርፌውም ያው ነው፣ በደም ዞሮ ነው ሚሰራው፣ በአፍ ስላልገባ ሆድ አይነካም ሚባል ነገር የለም። ስንት ሰው ነው በዚህ ሚሸወደው መሰለህ። ለወገቡ ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፣ ፊዚዮቴራፒ ቢያዩህ ደሞ የበለጠ። የልብ ሀኪም አስፕሪን ያዘዘላችሁ ሰዎች ግን ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ!! ሀኪማችሁን ጠይቁ።

ኦሜፕራዞሉን ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው ምትውጠው፣ ከበላህ በኋላ ከሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተልባውንም ካልተውክ ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቀው፣ ያ ሚልገው ነገር መድኃኒቱን ሊይዘው ይችላል።

እና ለሁላችሁም፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ከተጣበቀ፣ ደም ወይ የቡና አተላ ሚመስል ነገር ካስታወካችሁ፣ መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ምግብ ሳትቀንሱ ከከሳችሁ፣ ይሄ የተልባ ጉዳይ አይደለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። (የደም ማነስ ኪኒን ምትወስዱም ሰገራችሁ ይጠቁራል፣ እሱ ሌላ ነው።) ላብ እያጠመቀ ወደ ክንድና መንጋጋ ሚሄድ የደረት ህመምም "ጨጓራዬ ነው" ተብሎ ቤት አይተኛበትም።

እማማ_ጓዳ

ልጆቼ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ይሄን ነገር የልጅ ልጄ ናት ምትጽፍልኝ። የጋቢናው ልጅ፣ ለእናትህ ይሄን ንገራት። ለብቻህ ድስት አትጣድልህ፣ ሰው ይሰለቻል፣ አንተም ታፍራለህ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰህ ቀዩ ላይ ነህ። የቤቱን ወጥ ትስራ፣ ግን ቁሌቱ ላይ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ያንተን ትቀንስልህ፣ እርድ ጨምራ አልጫ ታድርገው። ያው ሽሮ ነው፣ ያው ክክ ነው። ሽንኩርቱን ደሞ በደንብ ታብስለው፣ እስኪቀልጥ፣ ጥሬነት ያለው ሽንኩርት ነው ሚነፋ። ዘይቱን አታብዛ፣ አናቱ ላይ እስኪንሳፈፍ ሚደረገው ለዓይን ነው።

እንጀራው ደሞ፣ ኮምጣጣ ከሆነ ላንተ አይሆንም። አፍለኛ ትጋግርልህ። ሊጡ አራት ቀን ሳይቆይ፣ እርሾውን ቀነስ አድርጋ። ከሱቅ ምትገዙት እንጀራ ስንት ቀን እንደተቦካ ማን ያውቃል፣ ሲነኩት ሆምጣጤ ነው። ባሌ እንዲህ ሲያደርገው የነበረው ሽሮው ነው ብለን ሽሮ ከለከልነው፣ ኋላ እንጀራው ሆኖ ተገኘ፣ ያንኑ ሽሮ በቂጣ በልቶ ተኛ ጤናውን።

ሸገር_ላይ

እማማ ይኑሩልን! እንጀራውን በጭራሽ አስቤው አላውቅም

የጋቢናው_ልጅ

እማማ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበብኩላት ነው፣ "ንገሪልኝ በላት፣ እኔም እሱን ነው ምለው" አለች። አላለችም ሃሃሃ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ብላለች።

ወተት_ነጋዴ

ወተትስ? እኔ ሲያቃጥለኝ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ጠጥቼ ነው ምተኛው፣ ወዲያው ያበርደዋል።

ሲስተር_መንገደኛዋ

ያበርደዋል፣ ከዛ ከአንድ ሰዓት በኋላስ? ወተት ሲገባ አሲዱን ለጊዜው ያለዝበዋል፣ ጨጓራህ ግን ፕሮቲንና ካልሲየሙን ሲያገኝ ተጨማሪ አሲድ ያመነጫል። ለዛ ነው ሌሊት 9 ሰዓት ምትነቃው። ከምግብ ጋር ትንሽ ወተት ችግር የለውም፣ እርጎም ካልኮመጠጠ ለብዙ ሰው ይስማማል፣ እንደ መድኃኒት ማታ ማታ መጋት ነው ማይሆነው።

ወተት_ነጋዴ

እንዴት አወቅሽ ሌሊት 9 ሰዓት እንደምነቃ??

ኡሙ_ሪሃም

አሰላሙ አለይኩም። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ስለገቡ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ሆኗል። እኔ ከሁለተኛ ልጄ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ከሀኪሜ ጋር ተነጋግሬ ኪኒኑን ከሱሁር ግማሽ ሰዓት በፊት ተነስቼ እውጣለሁ፣ ከዛ ገንፎ ወይ አጥሚት፣ ሻይ የለም፣ ከበላሁ በኋላ ቁጭ ብዬ እስከ ሱብሒ ቁርዓን እቀራለሁ፣ አልተኛም። ኢፍጣር ላይ ደሞ በሶስት ተምርና ለብ ባለ ውሃ ፈትቼ ሰግጄ እመለሳለሁ፣ ያኔ ሾርባ። ሳንቡሳውን ቤተሰቡ ሲያነሳ አንድ እቆርሳለሁ እንጂ ትሪውን አልወርድበትም። ዋናው ጠላት እሱ ነው፣ 13 ሰዓት ባዶ የዋለ ሆድ ላይ በዘይት የተጠበሰ በቃሪያ የተሞላ ነገር። አምና ኢፍጣር ላይ አምስት ሳንቡሳ በልቼ ተራዊሕ ላይ አጎንብሼ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር።

የጎንደር_ልጅ

በጾም በኩል እኔ ልጨምር። እስከ 9 ሰዓት መጾም ካቃተህ የንስሐ አባትህን አማክር፣ ለበሽተኛ ቀኖናው አለ፣ መድኃኒት ምትወስድ ሰው ነህ። የኔ አባት "ሰዓቱን ልቀቅ፣ ምግቡን ጹም" ነው ያሉኝ። እና 5 ሰዓት ላይ በሶ እበላለሁ። ይሄ ላንተ ለሹፌር ምቹ ነው፣ በሃይላንድ ውሃ ትንሽ ማርና ጨው ጨምረህ በጥብጠህ ጋቢናህ ውስጥ ይዘኸው ዋል፣ ቀይ መብራት ላይ ትጎነጫለህ፣ አይሸትም፣ ገብስ ነው ለሆድ ይለዝባል። ምግብ ቤት ስትገባ በያይነቱ አዘህ "አልጫ አልጫውን ብቻ አድርጉልኝ" በላቸው። ክክ አልጫ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ ቀይ ስር። ከለመዱህ ሳትጠይቅ ያመጡልሃል። ጎመኑ ላይ ሚሰነቅሩትን ቃሪያ ግን አውጣው።

በፍስክ ደሞ ቅቅል። ማንም ቅቅል እያለ ጥብስ ሚያዝ የጨጓራ ሰው አይገባኝም። ስቡን ከላይ ቀንሰህ።

ጅዳ_ያለሁት

እናንተ እድለኞች ናችሁ። እኔ ሰው ቤት ነው ምሰራው፣ ሰዎቹ በልተው ከተነሱ በኋላ ነው ምበላው፣ አንዳንዴ ምሳዬ ከምሽቱ 11 ሰዓት ነው። ኢንዶሚ በሻጣ (የአረብ ሚያቃጥል ስጎ) ነበር ምበላው ቶሎ ሚደርስ ስለሆነ። እህቴ ከአገር ቤት በሶ ላከችልኝ፣ አሁን ጓዳ ገባ እያልኩ በየሁለት ሰዓቱ ማንኪያ ማንኪያ እበላለሁ፣ ማንም አያየኝም። ማቃጠሉ ቀንሷል። ሌላ ምርጫ ለሌላችሁ ሰዎች ብዬ ነው የጻፍኩት።

የጎንደር_ልጅ

አይዞሽ እህቴ። ሙዝም ካገኘሽ ያዢ። ሻጣውን ግን ተይው።

አምቦ_ልጅ

ማንም ስለ አምቦ ውሃ አላነሳም? ቅባት በልቼ አንድ ጠርሙስ ስጠጣ ያገሳኛል ቀለል ይለኛል

ዲሲ_ነኝ

እኔንም ይቀለኝ ነበር፣ ግን ሚያገሳህ እኮ ጋዙ ነው፣ ራሱ ያስገባውን ነው ሚያወጣልህ። ቃር ላለበት ሰው ደሞ ጋዙ ሲወጣ አሲዱን ይዞት ነው ሚወጣው። ተከፍቶ የዋለ፣ ጋዙ የወጣለትን ጠጥተህ እየው እስቲ፣ ልዩነቱ ይገባሃል።

ሸገር_ላይ

ጫትና ሲጋራስ ብዬ ልጠይቅ ነበር ግን መልሱን አውቀዋለሁ

ቡና_ወዳድ

ታውቀዋለህ

የጋቢናው_ልጅ

(ከ6 ሳምንት በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሀኪሜ ጋ ሄጄ የዳይክሎፌናኩን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም" አለኝ፣ "አልጠየቅከኝማ" አልኩት፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ዳይክሎፌናኩ ቆመ። ወገቤን ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለቴ እያየሁ ነው፣ ወንበሩ ላይ ትንሽ ትራስ አድርጌያለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርጄ እንጠራራለሁ፣ ተሳፋሪዎች እብድ ይመስለኛል ሳይሉ አይቀሩም።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ደብተር ገዝቼ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀመጥኩ። የበላሁትን፣ ሰዓቱንና ያቃጠለኝን ጻፍኩ። ሶስት ሳምንት ጻፍኩ። ውጤቱ ያልጠበኩት ነው። አልጫ ሽሮ ምንም አላደረገኝም። ቀይ ሽሮም ከቤት በአፍለኛ እንጀራ፣ ትንሽ ከሆነ፣ ብዙም አላደረገኝም። ቲማቲም ለብለብ ሚባለው ግን ሁለቴ በላሁ ሁለቴም አቃጠለኝ፣ ማን ጠረጠረው። ብርቱካን ጁስም እንደዛው፣ ጤና ነው ብዬ እኮ ነበር ምጠጣው። እና "ምንም አልበላሁም" ብዬ የጻፍኩባቸው ቀናት ሁሉ፣ ማለትም ምሳ ሳልበላ 10 ሰዓት የሆነብኝ ቀን፣ ሁሉም ማታ ላይ "ተቃጠልኩ" ይላሉ። አንድም ሳይቀር። ያኔ ነው በሶው ስራ የጀመረው። አሁን ሃይላንዷ የማርሹ ጎን ቋሚ ቦታ አላት፣ አንድ ተሳፋሪ "ሲሚንቶ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ተነስቼ ኪኒኔን ውጬ ተጣጥቤ ስወጣ እናቴ ቅንጬ ይዛ በር ላይ ናት። ቡናዬን ከዛ በኋላ አንዲት ስኒ እጠጣለሁ። ከባዱ ነገር ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ጉርሻ። የአክስቴ ልጅ ክርስትና ላይ ሁሉም "በሞቴ" እያለ፣ ቀይ ወጥ የተጠቀለለበት እጅ አፌ ጋ ሲደርስ፣ "ጨጓራ አለብኝ" ስል አክስቴ እጇን ሳትመልስ "ማን የሌለበት አለ፣ እኔም አለብኝ፣ ጉረስ" አለችኝ። ጎረስኩ። ደብተሩ ላይ "አክስቴ" ብዬ ጽፌዋለሁ።

ኦሜፕራዞሉን ሀኪሙ ደረጃ በደረጃ ቀንሶ ሊያቆምልኝ ነው፣ ዝም ብለህ በአንድ ጊዜ አትተወው፣ አሲዱ ተመልሶ ሊነሳብህ ይችላል ብሎኛል። ማታ ቃሩ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ቀበቶዬን ግን አንድ ቀዳዳ አጥብቄያለሁ።

ባለ_ሱቁ

ወንድሜ ደስ ሲል። እኔም ልንገራችሁ፣ የሰገራ ምርመራውን ሲስተር እንዳለችው ጊዜውን ጠብቄ አደረኩ፣ ኔጌቲቭ! በቱቦም አዩኝ፣ ክፉ ነገር የለም ተብያለሁ። ለካ ክብደቴን የቀነሰው ፍርሃቴ ነበር፣ ዓመት ሙሉ ድንች በጨው ነው የበላሁት። 3 ኪሎ መልሻለሁ። ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ሲስተር_መንገደኛዋ

ተመስገን! እንኳን ሄድክ።

የጋቢናው ልጅ፣ ያን ደብተር ፎቶ አንስተህ ብታሳየን ለታካሚዎቼ አሳያቸው ነበር። አክስትህን ግን ቆርጠህ አውጣት ሃሃ

እማማ_ጓዳ

ፋሲካ ደርሷል። ልጄ፣ 55 ቀን ጾመህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ በቅቤ እንዳትገባበት። እናትህን አልጫ ዶሮ ትስራልህ በላት፣ በእርድ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ ቅቤው ትንሽ። መጀመሪያ እንቁላሏን ብላ፣ ሲነጋ ቀሪውን።

የጋቢናው_ልጅ

እማማ፣ እናቴ ሰምታለች። ዶሮዋ ተገዝታለች፣ ጓሮ እግሯን ታስራ እየጮኸች ነው። ክርክሩ ሙሉ ዶሮዋ አልጫ ትሁን ወይስ ግማሿ ላይ ነው። ወንድሜ ግማሿን ይላል። እናቴ እስካሁን አልወሰነችም።

ቡና_ወዳድ

ፈረሰኛው በየትኛው ድስት ይገባል? ጥያቄው እሱ ነው